የሦስት ወሩ መርፌ፦ ከጎንደር እስከ እስራኤል የዘለቀ የፈቃድ ጥያቄ

በጃንዋሪ 2013 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ ለአገሪቱ አራት የጤና መድን ድርጅቶች፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ቁፓት ሆሊም» ለሚሏቸው፣ ደብዳቤ ጻፉ። የማህፀን ሐኪሞች የኢትዮጵያ ተወላጅም ሆነች ሌላ ማንኛዋም ሴት የሕክምናውን ውጤት በሚገባ ላትረዳው ትችላለች ብለው ከጠረጠሩ፣ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ማዘዣ እንዳያድሱላት የሚል ነበር። መርፌውን ለምን እንደፈለገች ይጠይቋት፤ ካስፈለገም አስተርጓሚ ያስጠሩ ይላል። ከኢትዮጵያ የሄዱ አይሁድ ሴቶች መርፌውን ያለ ፈቃዳቸው ተወግተዋል የሚል ክስ ቀድሞ ተሰምቶ ነበር፤ ስለ ክሱ እውነትነት ግን ደብዳቤው ፍርድ አልሰጠም።

ዜናው ዓለምን ሲዞር «ሌላ ማንኛዋም ሴት» የምትለዋ ሐረግ መንገድ ላይ ቀረች። እኛ ዘንድ የደረሰው «እስራኤል ኢትዮጵያውያን ሴቶችን በግድ መውጋቷን አመነች» ተብሎ ነው። በአማርኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ አለና «አመከነቻቸው» ሆነ። ዴፖ ፕሮቬራ አያመክንም፤ የሦስት ወር መከላከያ ነው። ይህን ማስተካከል መንግሥትን መከላከል አይደለም። የሴቶቹ ቅሬታ በራሱ ከባድ ስለሆነ ማጋነን አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ማጋነኑ ቅሬታውን ለማጣጣል ለሚፈልግ ሰው ቀላል መውጫ ሰጥቶታል።

ጉዳዩ ከአሥር ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም በየጊዜው ይነሳል። በተነሳ ቁጥርም «ተገደዱ» እና «አልተገደዱም» በሚል ለሁለት ይከፈላል። በሥነ ተዋልዶ ፍትህ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚያነሱት ጥያቄ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፦ ሴቲቱ እምቢ ብትል ምን ይደርስባት ነበር? ምንስ ይደርስብኛል ብላ ታስብ ነበር? እኔም ክርክሩ ከዚህ ቢጀምር የተሻለ ነበር ባይ ነኝ።

መርፌው ራሱ

ዴፖ ፕሮቬራ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ነው። 150 ሚሊግራሙ በአንድ ትንሽ ብልቃጥ ይመጣል፤ ክንድ ወይም ዳሌ ላይ ይወጋል፤ ለሦስት ወር ያህል እርግዝናን ይከላከላል። የወር አበባን ያዛባል፣ ብዙዎች ላይ ጭራሽ ያቋርጠዋል። ካቆሙት በኋላ ማርገዝ ወዲያው አይሆንም፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይወስዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 የአጥንት ጥንካሬን እንደሚቀንስ ጠቅሶ፣ ሌላ አማራጭ የማይስማማት ሴት ካልሆነች በቀር ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይወሰድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ማሸጊያው ላይ እንዲታተም አድርጓል።

ታሪኩም ከዘር ጉዳይ የራቀ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱ ለወሊድ መከላከያነት ከመፈቀዱ ከብዙ ዓመታት በፊት አትላንታ በሚገኘው የግሬዲ ክሊኒክ በሺዎች በሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ድሃና ጥቁር በሆኑ ሴቶች ላይ ተሞክሯል። ዚምባብዌም ነፃ በወጣች ማግስት፣ በ1981፣ የነጮቹ አገዛዝ መሣሪያ ነበር በሚል አግዳው ነበር።

ይህን ብቻ ያነበበ ሰው መርፌውን ክፉ መድኃኒት ብሎ ሊደመድም ይችላል። የኢትዮጵያ ሴቶች ግን እንደዚያ አላሉም። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች 6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 27 ከመቶ ደረሱ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚጠቀሙት የሦስት ወሩን መርፌ ነበር። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት፣ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ ያለፈው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መርፌውን እስከ ገጠር ጤና ኬላ አድርሰውታል። ሴቶቹ የሚወዱት ደግሞ በምክንያት ነው። ኪኒን በየቀኑ ማስታወስ ይጠይቃል፤ ማሸጊያው ትራስ ሥር ይገኛል። ክንድ ላይ የሚቀበረው በጣት ሲነካ ይታወቃል። መርፌ ግን ገበያ ደርሶ ሲመለስ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ባልም አማትም ሳያውቁ። «ውለጂ» የሚል ቤተሰብ መሃል ለምትኖር ሴት ከዚህ የበለጠ ነፃነት የሚሰጥ ነገር እምብዛም አልነበረም።

ስለዚህ ያው ብልቃጥ አንዷ ሴት እጅ ላይ ማምለጫ፣ ሌላዋ ላይ ጫና ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚፈጠረው መርፌው በሚሰጥበት ክፍልና ከክፍሉ ውጪ በሚጠብቃት ነገር ነው።

ተራ ጠባቂዋ

ክሱ በሰፊው የተሰማው በዲሴምበር 2012 ነው። ጋዜጠኛ ጋል ጋባይ በእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን ባቀረበችው ፕሮግራም 35 ኢትዮጵያውያን ሴቶች ተጠይቀው ነበር። አንዳንዶቹ ገና ኢትዮጵያ እያሉ፣ ወደ እስራኤል የጉዞ ተራ ሲጠብቁ በነበሩበት ጊዜ መርፌውን እንደተወጉ፣ ክትባት ነው እንደተባሉ፣ ልጅ ሲበዛ ኑሮ እንደሚከብድ ደጋግሞ እንደተነገራቸው፣ እምቢ ብንል ጉዟችን ይቀራል ብለው እንደፈሩ ተናገሩ። እዚያ ከደረሱም በኋላ መርፌው ሳይቋረጥ ቀጠለ።

በጎንደርና በአዲስ አበባ ለተራ ጠባቂዎቹ ክሊኒክ የነበረው የአሜሪካ አይሁዶች የእርዳታ ድርጅት፣ ጆይንት፣ ክሱን አስተባብሏል። የቤተሰብ ምጣኔ በፈቃድ ነው፤ ሕክምናው ከገንዘብ እርዳታው ጋር አይገናኝም፤ በጉዞው ውሳኔም የለንበትም፤ መርፌው ደግሞ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በጣም ተፈላጊው ዘዴ ነው የሚል ነበር መልሱ። የመጨረሻው ነጥብ ከላይ ባየነው ዳሰሳ የተደገፈ እውነት ነው። የቀሩት ነጥቦችም በወረቀት ላይ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ከሴቲቱ ጎን ቆመን እንየው። ቤተሰቡ መሬቱን ትቶ፣ በሬውን ሸጦ፣ ከገጠር ወጥቶ ጎንደር ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ዘመድ ቀድሞ ሄዷል፤ እነሱ ይጠብቃሉ። አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዱም ከአሥር በላይ። ስማቸው የተጓዦቹ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው የእስራኤል አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ክሊኒኩ የሌላ ድርጅት፣ ትምህርቱና ድጎማው ደግሞ የሌላ። በድርጅቶቹ መዋቅር ውስጥ እነዚህ የተለያዩ ናቸው። ለተራ ጠባቂዋ ግን ሁሉም «እነሱ» ናቸው። ነርሷ ከዝርዝሩ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላት ማን ነግሯት፣ በምን ታምናለች? ነርሷ ክፉ መሆን አያስፈልጋትም፤ ማስፈራራትም አያስፈልጋትም። ሌላው ቀርቶ ስለ ዝርዝሩ አንድም ቃል ባትናገር እንኳ ሴቲቱ በራሷ ታሰላዋለች።

የእስራኤል መንግሥት ሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ በ2016 ያወጣው ድምዳሜ፣ መርፌው በግልጽም ሆነ በስውር ጫና ወይም ዛቻ ለመሰጠቱ ማስረጃ አልተገኘም የሚል ነው። ይህን ድምዳሜ «ሴቶቹ ዋሽተዋል» ብለው የሚያነቡ አሉ፤ «ተሸፋፈነ» የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም አልልም። እንዲህ ያለው ጫና ሰነድ አይተውም። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልፈረመበት ጫና ነው፤ የኦዲተር መዝገብ ሊይዘው አይችልም። በሌላ በኩል 35 ምስክርነት ለሺዎች ወኪል አይሆንም፤ ከዓመታት በኋላ፣ ካሜራ ፊት የተሰጠ መሆኑም መታወስ አለበት። ምስክርነቱ ሴቶቹ ነገሩን እንዴት እንደተረዱት ይነግረናል። አንድ ባለሥልጣን ትዕዛዝ ስለመስጠቱ ግን አይነግረንም። የሁለቱን ልክ ለይቶ ያልያዘ ጽሑፍ በየትኛውም ወገን ብዙ አይጠቅምም።

በማኅበረሰቡና በመንግሥት መሃል የነበረውን መተማመን ደግሞ ሌላ ታሪክ ቀድሞ ሸርሽሮት ነበር። በ1996 የኢትዮጵያ ተወላጆች የለገሱት ደም ኤችአይቪ ይኖርበታል በሚል ፍራቻ፣ ሳይነገራቸው ሲጣል መኖሩ ተጋልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ነበር። ደሙን በደስታ ተቀብሎ ከጀርባ የሚደፋ ተቋም ስለ መርፌ ሲያስረዳ የሚያምነው ሰው ማግኘት ይከብደዋል።

ሦስቱ መብቶች

የሥነ ተዋልዶ ፍትህ የሚባለው አስተሳሰብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልተወለደም። በ1994፣ ስለ ሥነ ሕዝብ የተጠራው የካይሮ ጉባኤ ሊካሄድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ 12 ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ያወጡት ነው። ሎሬታ ሮስ ከእነሱ አንዷ ነች። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የሴቶች እንቅስቃሴ ዋና ትግል ጽንስ የማቋረጥ መብት ነበር። እነዚህ ሴቶች «ይህ ብቻ አይበቃንም» አሉ። እናቶቻቸውና አክስቶቻቸው ያለ ፈቃዳቸው የመከኑ፣ ልጆቻቸው በፖሊስና በድህነት የሚቀጠፉባቸው ነበሩ። ስለዚህ ሦስት ነገር አንድ ላይ አነሱ፦ ልጅ ያለመውለድ መብት፣ ልጅ የመውለድ መብት፣ የወለዱትን ደግሞ ደህና በሆነ አካባቢ የማሳደግ መብት።

ተመራማሪዎች ይህን ከሌላ ሐሳብ ጋር ያያይዙታል። አንትሮፖሎጂስቷ ሼሊ ኮለን ኒውዮርክ ውስጥ የነጭ ቤተሰብ ልጆች የሚያሳድጉ የካሪቢያን ሞግዚቶችን አጥንታ፣ አንድ ሥርዓት የአንዳንዶችን ወላጅነት ሲደግፍ የሌሎችን እንዴት እንደሚያከብድ አሳየች። እነዚህ ሞግዚቶች የሌላ ሰው ልጅ ለማሳደግ የራሳቸውን ልጆች አያት ዘንድ ትተው የመጡ ነበሩ። ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ እህት ያለችው ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያሻውም።

እስራኤል ለእንዲህ ያለው ጥናት ምቹ አገር ናት። መውለድ በጣም የሚከበርባት፣ መንግሥትም በገንዘቡ የሚደግፍባት ነች። አይቪኤፍ (ከማህፀን ውጪ የሚደረግ ጽንሰት) በነፍስ ወከፍ በብዛት ከሚሠራባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ አንዲት ሴት በራሷ እንቁላል እስከ 45 ዓመቷ፣ ሁለት ልጅ እስክታገኝ ድረስ ወጪዋ ይሸፈንላታል። ሕጉ ኢትዮጵያዊቷን አያገልም፤ እሷም ብትፈልግ ትጠቀማለች። ጥያቄው ሕጉ ላይ አይደለም። እንዲህ ልጅ ልጅ በሚል አገር አንድ ማኅበረሰብ ከጤና ሥርዓቱ ጋር በዋናነት የተዋወቀው በመከላከያ በኩል መሆኑ ነው የሚያስገርመው።

ይህን በቁጥር ያነሳው ኢሻ ለኢሻ የተባለው የሃይፋ የሴቶች ማዕከል ነው። ሄድቫ ኢያል ያዘጋጀችው የማዕከሉ ሪፖርት ከቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ሦስት ዓመት ገደማ ይቀድማል። በዚያ ሪፖርት መሠረት በእስራኤል ዴፖ ፕሮቬራ ከሚወስዱት ሴቶች 57 ከመቶ ያህሉ የኢትዮጵያ ተወላጆች ነበሩ። ማኅበረሰቡ ከአገሪቱ ሕዝብ ሁለት ከመቶ አይሞላም። ስለ ጎንደር ያለው ክርክር ሁሉ ወደ ጎን ቢባል እንኳ ይህ ቁጥር መልስ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ መርፌው የተለመደ ነው ማለት ሲጀመር ለምን እንደተወሰደ ያስረዳል። ኪኒኑም ሉፑም ሁሉም ባለበት አገር፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ ማዘዣው ለምን ብቻውን እንደታደሰ ግን አያስረዳም።

እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው ያለ ማንም ሴራ ነው። ሐኪሙ ለአንድ ታካሚ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሴቲቱ ዕብራይስጥ አትችልም። ይዛት የመጣችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ናት፤ እሷ ናት የምታስተረጉመው። ልጅቷ ስለ እናቷ የወር አበባና ስለ አባቷ አልጋ ምን ብላ ትጠይቅ? እናትስ በልጇ ፊት ምን ትመልስ? ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ያለፈውን መድኃኒት ያያል፤ ያድሰዋል። ሁሉም «ሰላም ዋሉ» ተባብለው ይለያያሉ። የእስራኤል የታካሚ መብት ሕግ ከ1996 ጀምሮ ታካሚው ተረድቶ እንዲፈቅድ ያዛል፤ ጤና ሚኒስቴርም በ2011 ተቋማት ሕክምናን ከቋንቋና ከባህል ጋር እንዲያጣጥሙ መመሪያ አውጥቷል። ታዲያ ሕጉም መመሪያው እያለ «ለምን እንደፈለገች ጠይቋት» የሚል ልዩ ደብዳቤ ማስፈለጉ ብዙ ይናገራል።

የማን ቁጥር?

በቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ላይ ሌላም ነገር ተነስቶ ነበር፦ የማኅበረሰቡ ወሊድ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል፤ ምክንያቱም መርፌው ነው የሚል። የኢትዮጵያን አይሁዶች ታሪክ ያጠኑት ስቲቨን ካፕላን ይህን ሲመረምሩ ለቅነሳው የሰጡት ምክንያት ሌላ ነው፦ ከተማ መግባት፣ ትምህርት፣ ዘግይቶ ማግባትና መውለድ መጀመር፣ ቀደም ብሎ ማቆም። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ማስረጃ ፍለጋም ቴል አቪቭ መሄድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ይበቃል። በ2005ቱ ዳሰሳ የአገሪቱ ሴት በአማካይ 5.4 ልጅ ስትወልድ፣ የአዲስ አበባዋ 1.4 ብቻ ነበር የምትወልደው። ማንም አላስገደዳትም። የቤት ኪራይ፣ ትምህርት፣ ሥራ ፍለጋና የዘገየ ጋብቻ ያመጡት ነው። በአማራ ክልል በ2011ዱ ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረው ነበር። እስራኤል ያደገችው ልጃቸው ግን በዚያ ዕድሜ ትምህርት ቤት ናት፤ ከዚያ ውትድርና ወይም ብሔራዊ አገልግሎት ይጠብቃታል። የወሊዱ መጠን ባይወርድ ነበር የሚገርመው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያናድደኛል። ለሴቶቹ ተቆርቋሪ ነን የሚሉ ብዙ ድምፆች ነገሩን «ዘራችንን ሊያጠፉ» በሚል ብቻ ነበር ያቀረቡት። አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። በዚህ አነጋገር ሴቲቱ እንደገና ማህፀን ብቻ ሆነች፤ ከአንዱ ቆጣሪ እጅ ወጥታ ሌላ ቆጣሪ እጅ ገባች። ካሜራ ፊት ቀርበው ከተናገሩት ውስጥ የማኅበረሰቡ ቁጥር ያስጨነቃት ማን ነበረች? የሚሉት «አልነገሩንም»፣ «አልጠየቁንም» ነው። ምናልባት ከመካከላቸው ግማሾቹ ቢነገራቸው መርፌውን ራሳቸው ይመርጡት ይሆናል። ሌሎቹ ደግሞ አምስተኛ ልጅ ይፈልጉ ይሆናል። ሁለቱም መብታቸው ነው፤ ባል፣ ሽማግሌ ወይም ቄስ ደስ ባይለውም።

ሦስተኛው መብት፣ የወለዱትን ማሳደግ፣ ከመርፌው ያነሰ ዜና ቢሆንም ለማኅበረሰቡ የዕለት ኑሮ የቀረበው እሱ ነው። እናት እስራኤል ኔታኒያ ከተማ፣ ልጇ ጎንደር ሆነው ዓመታት የቆጠሩ ቤተሰቦች አሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ስም ያለው ይሄዳል፤ ስሙ የጎደለው ይቀራል። ጁን 30 ቀን 2019 ሃይፋ አካባቢ አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣት ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲገደል፣ መንገድ ከዘጉት መሃል ብዙ እናቶች ነበሩ። ልጅ እንድትወልድ የተፈቀደላት ሴት ልጇ ማታ ቤቱ እስኪገባ ካልተኛች፣ ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች የተናገሩት ስለ እሷም ጭምር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለነውም ይህን እንደ ሰው አገር ወሬ ብቻ ማንበብ አይገባንም። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው መከላከያ ለሚጠቀሙ ሴቶች ሦስት ጥያቄ ያቀርባል፦ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ተነግሮሻል? ጉዳት ቢሰማሽ ምን እንደምታደርጊ ተነግሮሻል? ሌሎች ዘዴዎች እንዳሉስ? በ2016ቱ ዳሰሳ ሦስቱንም «አዎ» ያሉት ከግማሽ በታች ናቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኮታ አለባት፤ ሪፖርት የምታደርገው ስንት ሴት እንደተወጋች እንጂ ስንቷ ተረድታ እንደመረጠች አይደለም። ማንም ጠላት በሌለበትም ያው ነገር ይፈጸማል ማለት ነው።

የጋምዙ ደብዳቤ በጎ ጎኑ አስተርጓሚውን መጥራቱና «ለምን?» ብሎ ማስጠየቁ ነው። ድክመቱ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የአንድን ማኅበረሰብ ስም መጥራቱ። እዚያው እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ የተወለደች፣ ዕብራይስጥ የአፍ መፍቻዋ የሆነ፣ መርፌውን አጥንታ የመረጠች የኢትዮጵያውያን ልጅ በስሟና በመልኳ ምክንያት ከሌላው የበለጠ ማብራሪያ እንድትሰጥ ልትገደድ ትችላለች። ከሩሲያ የመጣችው፣ ዕብራይስጥ የማትችለዋ ጎረቤቷ ደግሞ ሳትጠየቅ ማዘዣዋን ይዛ ትወጣለች። ጥያቄው ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ ከትውልድ አገር ጋር መያያዝ የለበትም፦ መርፌ ለምትወጋ ሴት ሁሉ፣ በምትሰማው ቋንቋ፣ ልጇ ሳታስተረጉም፣ ምላሿም ፋይሏ ላይ ተጽፎ። ይህ ቢሆን ኖሮ ኦዲተሩም በ2016 የሚያገላብጠው መዝገብ በኖረው ነበር።